ለሦስት ቀን የተፈቀደች ላም

በሕይወቴ ብዙ ጥፋት አጥፍቻለሁ። አብዛኛውን ረስቼዋለሁ፤ ያልረሳሁትንም ደጋግሜ አጣፍጬ ስላወራሁት ከጥፋትነት ወደ ጨዋታነት ተዛውሯል። አንዱ ብቻ አልዛወርም አለኝ። ስንት ጊዜ ለወዳጆቼ ላወራው ጀምሬ፣ እነሱ መሳቅ ሲጀምሩ እኔ መሐል ላይ ቆሜያለሁ። ነገሩ የአንዲት ዳለቻ ላም ነገር ነው። የፈረድኩባት እኔ፣ ፍርዱንም በንጹሕ ወረቀት የገለበጥኩት እኔ ነኝ። ላሟ ይግባኝ አላለችም።

ዘመኑ የሃምሳዎቹ ማለቂያ ነው፤ ቦታው ወላይታ ሶዶ። ያኔ በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ጸሐፊ ነበርኩ። ጸሐፊ ስላችሁ ከዳኛው ቀጥሎ የምቀመጥ እንዳይመስላችሁ። ከዳኛው ቀጥሎ ዘበኛው ነበር፣ ከዘበኛው ቀጥሎ የዘበኛው ካፖርት፣ ከካፖርቱ ቀጥሎ እኔ። ቢሆንም ቀኑን ሙሉ «በመሆኑም» እና «ከላይ በተጠቀሰው መሠረት» ስጽፍ ውዬ ቤቴ ስገባ እጄም አፌም አልፈታ ይለኝ ነበር። ባለቤቴን ራት የምጠይቃት በማመልከቻ ነበር ብል ትንሽ አጋነንኩ፤ ግን እሷም አንድ ቀን «ጥያቄህ ተቀባይነት አላገኘም» ብላኛለች።

ሰፈራችን ወደ ዳሞታ ተራራ በሚያስወጣው መንገድ ላይ፣ ከተማው አልቆ ገጠሩ ገና ሳይጀምር የነበረች ሃያ ቤት ያህል ናት። ከታች በኩል ያለነው ቆርቆሮ ክዳን፣ ከላይ በኩል ያሉት ሣር ክዳን ከነእንሰታቸው። ግማሻችን ከሰሜን በሹመት የመጡ ሰዎች ልጆች፣ ግማሻችን የአገሩ ተወላጆች፤ እሑድ ጠዋት ከፊሉ ቅዳሴ ይሄዳል፣ ከፊሉ ጸሎት ቤት። ሁላችንንም የምታገናኘን ወደ ምንጩ የምትወርደው ቀጭን መንገድ ነበረች። ክረምት ሲገባ ያቺ መንገድ ከየቤቱ በሚወጣው ከብት እየተረገጠች ጭቃና እበት ብቻ ትሆናለች። አንድ ጊዜ የግራ ጫማዬን ውጣ አስቀርታ፣ በሦስተኛው ዓመት ስትደርቅ አገኘሁት ብል ባለቤቴ ትታዘበኛለች። በሁለተኛው ዓመት ነው።

መንገዷን ለማዳን የሰፈር ማኅበር አቋቋምን። ሊቀመንበር ባሻ ሆኑ። ባሻ ከውትድርና ጡረታ የወጡ፣ ጀርባቸው እንደ ጠመንጃ የቀና፣ ቀልድ ሲሰሙ መጀመሪያ ማዕረጉን የሚጠይቁ የሚመስሉ ሰው ናቸው። ደንብ ያስፈልጋል ተባለ፤ ደንብ ለመጻፍ ደግሞ ከእኔ የባሰ ማን አለ? ለሃያ ቤት ሠላሳ አንድ አንቀጽ ጻፍኩ። አጥር ከመንገድ ስንት ክንድ እንደሚርቅ፣ አመድ የት እንደሚደፋ፣ ውሻ እስከ ስንት ሰዓት መጮህ እንደሚፈቀድለት። በመጨረሻው ውሾቹ አልተስማሙም። አንቀጽ ሰባት ግን የደንቡ ሁሉ እምብርት ነበር፦ «ማንኛውም የማኅበሩ አባል በግቢው ውስጥ ከአንድ ላም በላይ ማኖር አይችልም።»

ስብሰባችን በወሩ መጨረሻ እሑድ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ባሻ ደጅ ባለው መስክ ላይ ነበር። ከመጀመሪያው ስብሰባ ጀምሮ አንድም ቀን ቀርተው የማያውቁ እማማ ነበሩ። ሁላችንም እማማ ነበር የምንላቸው። ባላቸው የሞቱባቸው፣ ከላይ ከሣር ቤቶቹ በመጨረሻው ብቻቸውን የሚኖሩ ሴት ናቸው። አማርኛን በስተርጅና ከገበያ የለመዱት ስለሆነ የአንቀጽ አማርኛ አይገባቸውም፤ ላሙንም ሰዉንም «እሱ» ነው የሚሉት። እና ስብሰባው ሲያልቅ ሁልጊዜ ወደ እኔ ጠጋ ይሉና «ልጄ፣ ዛሬ ምን አልን?» ይሉኛል። እኔ ሶዶ ተወልጄ ያደግኩ ስለሆንኩ በወላይትኛ አስረዳቸዋለሁ። «ጥሩ አልን» ይላሉ። ባልነው ነገር ሁሉ እሳቸውም ያሉበት መሆኑን አንድም ቀን ተጠራጥረው አያውቁም።

የእማማ ላም የራሳቸው አልነበረችም። የራሳቸው ከሞተች በኋላ አንድ የባላቸው ዘመድ፣ ከሶዶ በታች ቆላው ላይ ተበላ በሚባለው አገር የሚኖር ገበሬ፣ ዳለቻዋን ላም ጠብቁልኝ ብሎ ሰጣቸው። ይህ በወላይታ የቆየ ወግ ነው። ላም ያለው ላም ለሌለው ይሰጣል፤ ባለቤትነቱ የሰጪው ይሆናል፣ ወተቱና እበቱ የጠባቂው። እበቱን አትናቁት። እንሰት ያለ እበት ቅጠሉ ይገረጣል፣ ግንዱ ይቀጥናል፤ እንሰቱ የቀጠነበት ቤት ደግሞ ሰውም ይቀጥናል። የእማማና የገበሬው ውል እንዲህ ነበር፦ የመጀመሪያው ጥጃ ለባለቤቱ፣ ሁለተኛው ለእማማ። የመጀመሪያው ጡት ጥሎ ወደ ተበላ ወርዷል። ዳለቻዋ ሁለተኛውን አርግዛ ነበር። እማማ ጥጃዋ ሴት እንደምትሆን ከላሟ አካሄድ አውቄያለሁ ብለው ለሰፈሩ ሁሉ ተናግረዋል።

እንግዲህ ወደ አንቀጽ ሰባት።

የመጀመሪያው ክርክር የተነሣው ደንቡ በጸደቀ በወሩ ነው። ሁለት ላሞች ያሉት አንድ ጎረቤታችን ቆሞ፣ በግቢዬ አንድም ላም የለም፣ ሁለቱም ያሉት ቤት ውስጥ ነው አለ። እውነቱን ነው። በአገሩ ቤት ላም ከሰው ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ነው የምታድረው፤ አንዳንዱ ቤት ከባለቤቱ ይልቅ ላሟ ለምድጃው ትቀርባለች። ስንከራከር ዋልን። በመጨረሻ «በግቢውም ሆነ በቤቱ» ብዬ ጨመርኩ፣ ሰውየውም አንዷን ላም ገሱባ ላሉት አባቱ ላከ። እስካሁን ድረስ ምንም አላጠፋሁም።

ጥፋቱ የሚጀምረው ከባሻ ነው። ባሻም ሁለት ላሞች ነበሯቸው። ሊቀመንበሩ ሕግ ሲያፈርሱ ማየት ለማኅበሩ አያምርም ተብሎ ሲጠየቁ፣ አንደኛዋ የጋራ ናት፣ ግማሿ ቦዲቲ ያለው የሚስቴ ወንድም ድርሻ ናት አሉ። መስኩ ዝም አለ። ዝም ያለ ስብሰባ እኔን ያሳክከኛል። ተነሣሁና፣ የባሻ ግማሽ የፊተኛው ነው ወይስ የኋለኛው ብዬ ጠየቅኩ፤ የፊተኛው ከሆነ እያበሉ ነው፣ የኋለኛው ከሆነ እያለቡ ነው፣ ሕጉ የትኛውን እንደሚከለክል መጣራት አለበት። ሰው በሳቅ ፈረሰ። ሲስቅልኝ ደግሞ እኔ ማቆም አላውቅም። ደንባችን «ላም» ይላል እንጂ «የላም ግማሽ» አይልም፤ ስለዚህ የጋራ የሆነች ላም እንደ ላም አትቆጠርም ብዬ በየንኩ። በመስቀል ባሻ ቤት የሚቀርበው ቁርጥና የሚያቃጥል ዳጣ በትርጓሜው ላይ ተጽዕኖ አሳድሯል የሚሉ ነበሩ። አልክድም፤ ያ ዳጣ ዳኛም ያስለቅስ ነበር። ብይኑ በቃለ ጉባኤ ሰፈረ።

ከዚያ የሆነውን ሳላጋንን ልናገር። አንድ ዓመት ሳይሞላ በሰፈራችን ሙሉ ላም ጠፋ። ያለው ሁሉ ግማሽ ሆነ። አንዱ ከቦዲቲ አማቹ ጋር፣ ሌላው ከገሱባ አክስቱ ጋር፣ አንዱ ደግሞ ከሞተ ወንድሙ ጋር በጋራ የያዝኳት ናት ይላል። በሕይወቱ ሐሰት ተናግሮ የማያውቀው ወንጌላዊ ጎረቤታችን እንኳ ሦስት ግማሽ ላሞች አስሮ አገኘነው። ክረምቱ ሲመጣ ግማሾቹ በአራት በአራት እግራቸው እየረገጡ መንገዷን ከቀድሞው የባሰ አደረጓት። ውኃ የሚቀዱ ሴቶች መንገድ ትተው በሰው ጓሮ ማቋረጥ ጀመሩ።

በሐምሌው ስብሰባ ወንጌላዊው ተነሣ። ኅሊናው ቆጥቁጦት ነበር። ይህ ግማሽ የሚባል ነገር ውሸት ነው፣ ውሸቱንም የጀመርነው በሳቅ ነው፣ ይቅር አለ። ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። አፍሬ ነበር፤ የሚያፍር ጸሐፊ ደግሞ ከማይረባ ጸሐፊ ይብሳል፣ ምክንያቱም ስህተቱን በሌላ አንቀጽ ሊሸፍን ይሯሯጣል። እዚያው ቁጭ ብዬ ማሻሻያ አረቀቅኩ። ላም በባለቤቷ ትቆጠራለች። ባለቤቷ የማኅበሩ አባል ካልሆነ፣ ላሟ በሰፈሩ ውስጥ ቦታ የላትም። ሁለተኛውን ዐረፍተ ነገር የጨመርኩት ለባሻ የቦዲቲ አማች ነበር። ዳጣ በልቶ የፈረደ ሰው እንዳልሆንኩ ማሳየት ፈልጌ ነው። ስጽፈው የማየው የባሻን ሁለተኛ ላም ብቻ ነበር።

ባሻ ሲነበብ አዳመጡ። አገጫቸውን ሁለቴ ዳሰሱ።

«ጸሐፊ» አሉኝ፣ «የእማማስ ላም? ባለቤቱ ተበላ ነው ያለው። አባል ነው?»

«አይደለም።»

«ታዲያ ላሚቱ በደንብህ ምንድን ናት?»

እማማ ከመስኩ ዳር ተቀምጠው ነበር። ስማቸው ሲነሣ ቀና አሉ። እዚህ ላይ ማሻሻያውን መልሼ ማጠፍ እችል ነበር። «አላሰብኩበትም ባሻ፣ ይቅር» ማለት ሦስት ቃል ነው፤ በዚያ ቀን ከአፌ ሦስት ሺህ ቃል ወጥቷል። መስኩ ግን እንደገና ዝም ብሎ ነበር፣ አሳከከኝ።

«እንግዳ ናታ» አልኩ። «የእንግዳ ወጉ ደግሞ ሦስት ቀን ነው።»

እንዴት እንደተሳቀ ልነግራችሁ አልችልም። ወንጌላዊው እንኳ መነጽሩን አውልቆ ጠረገ። እማማም ሰው ሲስቅ አይተው አብረው ሳቁ፣ አፋቸውን በነጠላቸው ሸፍነው። ያልሳቁት ባሻ ብቻ ናቸው።

«ጻፈው» አሉ።

ጻፍኩት። ለምን እንደጻፍኩት ለሃያ ዓመት ሳስብ ኖሬ ያገኘሁት መልስ አያኮራም። ቀልዱን ካነሣሁ አንቀጹን ማንሣት ነበረብኝ፣ አንቀጹን ካነሣሁ ደግሞ እንደገና የባሻ ዳጣ በላተኛ ልባል ነው። ሳቁም ገና አልበረደም ነበር። ሰው እየሳቀለት «ተሳስቻለሁ» የሚል ቀልደኛ እኔ እስካሁን አላየሁም።

ስብሰባው ተበተነ። እማማ እንደ ልማዳቸው ጠጋ አሉኝ፣ ፊታቸው ላይ ሳቁ ገና አለ።

«ልጄ፣ ዛሬ ምን አልን?»

በወላይትኛ ነገርኳቸው። በቀስታ፣ ዙሪያውን እየዞርኩ፣ መጀመሪያ ስለ መንገዷ፣ ቀጥሎ ስለ ግማሾቹ፣ ሌላ የማወራው ሲያልቅብኝ ስለ ዳለቻዋ። ሳቁ ለትንሽ ጊዜ ከፊታቸው አልጠፋም፤ ያለ ባለቤት ቆየ። ከዚያ ወደ አማርኛ ተመለሱ፣ ነገሩ የአማርኛ ነገር መሆኑ ሲገባቸው መሰለኝ።

«እንግዳ ነው አልክ።»

«በደንቡ መሠረት ነው እንጂ እማማ...»

«እንግዳው እርጉዝ ነው። ሦስት ሳምንት ቀርቶታል።»

በሚቀጥለው ስብሰባ እናየዋለን አልኩ። የሚቀጥለው ስብሰባ ከአራት ሳምንት በኋላ ነበር። እማማ በጣቶቻቸው ሦስት ቆጠሩ፣ ሦስቱን ጣቶች ለጥቂት ጊዜ አዩአቸውና ነጠላቸው ውስጥ ከተቷቸው። አልለመኑኝም። ቢለምኑኝ ኖሮ ምናልባት እቆጣ ነበር፣ በቁጣም አንድ ነገር አደርግ ነበር።

ማክሰኞ አመሻሹ ላይ ቤቴ መጡ። ቁጭ በሉ ብንላቸው እምቢ አሉ። የመጡት ደብዳቤ ሊያጽፉ ነው። በወጉ ላም ከጊዜዋ በፊት ስትመለስ ባለቤቱ ጠባቂው አስርቦብኛል ወይም መትቶብኛል ብሎ ያስባል፤ ያ ወሬ ከወጣ ደግሞ ለዚያ ሰው ማንም ሁለተኛ ላም አይሰጥም። ስለዚህ ለተበላው ገበሬ፣ እማማ ላሟን በደንብ ጠብቀዋል፣ የመለሷትም ወደው አይደለም ብለህ ጻፍልኝ አሉ።

ይህንን እኔ የምጽፈው በሁለት መስመር ነበር። «እማማ ምንም አላጠፉም። ጥፋቱ የእኔ የጸሐፊው ቀልድ ነው።» እነዚህን መስመሮች ከዚያ ወዲህ በልቤ መቶ ሺህ ጊዜ ጽፌያቸዋለሁ፤ ይህ ቁጥር አልተጋነነም። ያኔ ግን ደብዳቤው ላይ የማኅበሩ ማኅተም ሊያርፍ ነው፣ ባሻ ሊፈርሙበት ነው፣ ተበላ ላይ ደግሞ ማን እንደሚያነብለት አይታወቅም። ብዕሬ በለመደው መንገድ ሄደ። በሰፈሩ ማኅበር ደንብ አንቀጽ ሰባት በተሻሻለው መሠረት፣ ከላይ የተጠቀሰችው ላም በጠባቂዋ ዘንድ ልትቆይ የማትችል ሆና ስለተገኘች፣ ከዚህ ደብዳቤ ጋር የተመለሰች መሆኑን እንገልጻለን።

አነበብኩላቸው። አማርኛው አልገባቸውም።

«ጠብቋል ይላል?» አሉኝ።

«ይላል» አልኩ።

ባለቤቴ ከጓዳ በር ላይ ቆማ ነበር። አማርኛዋ ከእኔ ይሻላል። በዚያ ቀን ራት ሳልጠይቅ ቀረበ፤ እሷ ግን አብራኝ አልቀረበችም።

ረቡዕ ጠዋት ቢሮ ስሄድ አየኋቸው። እማማ ወደ ተበላ ቁልቁል በሚወርደው መንገድ ከዳለቻዋ ጎን ይሄዳሉ። ገመዱን አይጎትቱም፤ ላሟ ስትቆም ይቆማሉ። ደብዳቤው በነጠላቸው ጫፍ ተቋጥሯል። ላሟ ዞር ብላ በትዝብት አየችኝ ብል ታምኑኝ ይሆናል፣ ግን አላየችኝም። ሆዷ ከብዷት መንገዷን ነበር የምታየው። እጄን ላነሣ አሰብኩና ዣንጥላዬን አስተካከልኩ።

የነሐሴው ስብሰባ ሲደርስ ባሻ ሳይከፍቱት ተነሥቼ ማሻሻያው ይሻርልኝ አልኩ። አንድ ሰው እንኳ አልተከራከረም። ሰፈሩ ሁሉ ያቺ ወደ ተበላ የወረደች ላም ከብዳበት ነበር። ሰው ሁሉ ስቋል፣ የሌላውን ጥርስ ያየ ሁሉ ደግሞ የራሱም ጥርስ በሳቅ እንደተገለጠ ያስባል። ማሻሻያው ተሻረ፣ ባሻም ሁለተኛይቱን ላም ራሳቸው ቦዲቲ እንደሚልኩ ቃል ገቡ። ሲበተን ክንዴን ያዙኝ።

«እኔ የእማማን ላም ያነሣሁት ትተወዋለህ ብዬ ነበር» አሉኝ። «ሰው ነገሩ ባልቴት ሲነካ ይተወዋል ብዬ።»

«ታዲያ ለምን ጻፈው አሉኝ?»

«ወታደር ነኛ። ያልተወ ሰው ትእዛዝ ይጠብቃል።»

በማግስቱ ፈቃድ ጠይቄ በጭነት መኪና ላይ ተሳፍሬ ተበላ ወረድኩ። ሙቀቱ የሚገርም ነው፤ ጭነቱ ላይ የተቀመጠችው ዶሮ የጣለችው እንቁላል ተቀቅሎ ነው የወጣው። ገበሬውን በቆሎው ውስጥ አገኘሁት። ሸምገል ያለ፣ አነጋገሩ ዝግ ያለ ሰው ነው። ሁሉንም ነገርኩት፣ በወላይትኛ፣ ያለ አንቀጽ። ግማሾቹን፣ ባሻን፣ እንግዳ ያልኩትን። እንግዳው ላይ ስደርስ ሳቀ። በዕድሜዬ ሰው ሲስቅልኝ የጠላሁት ያኔ ብቻ ነው።

ሳቁን ሲጨርስ ደብዳቤዬን ከቤቱ አስመጣ። በጨርቅ ጠቅልሎ አስቀምጦታል። አንድ ተማሪ አንብቦለት ነበር፤ ተማሪው ደግሞ «ደንብ»፣ «አንቀጽ»፣ «ሆና ስለተገኘች» የሚለውን አይቶ፣ ሴትየዋ ደንብ ተላልፈው ተከሰው ላሟ ተወስዳባቸዋለች ብሎ ተረጎመለት። ልጁ አልተሳሳተም። እኔም ሌላ ሰው ጽፎት ባነበው እንደዚያው እተረጉመው ነበር።

«አንተ ነህ የጻፍከው?» አለኝ።

«እኔ ነኝ። ያልኩህ ነው እውነቱ። ወረቀቱን ተወው።»

«አንተ ትስቃለህ፣ እኔም ሳቅኩ። ወረቀቱ ግን አልሳቀም።»

ዳለቻዋ ወልዳለች። ሴት ናት፣ እማማ እንዳሉት። ግን ባለቤቱ ላሟን ለሌላ ጠባቂ፣ ከመንደሩ ወዲያ ማዶ ላለች ሴት ሰጥቷታል፣ ጥጃዋም የተወለደችው እዚያ ነው። መልሳት ብዬ ለመንኩት። በእማማ ላይ ከእንግዲህ ክፉ እንደማያስብ፣ ለዘመድም እንደሚነግር ቃል ገባልኝ። ላሟን ግን እምቢ አለ። ከሰው እጅ ላም መንጠቅ የእናንተ የከተሜዎቹ ሥራ ነው፣ እኔ አልችልበትም አለኝ።

ተመልሼ ለእማማ ነገርኳቸው። ስማቸው መጽዳቱን ሰምተው ጥሩ አሉ። የጥጃዋን ስነግራቸው «ሴት ነው?» ብለው ጠየቁ። አዎ ስላቸው ራሳቸውን ነቀነቁና ወደ እንሰታቸው ሄዱ። ደብዳቤው ውስጥ «ጠብቋል» የሚል ቃል እንዳልነበረም ነገርኳቸው። ጀርባቸውን እንዳዞሩ «ታውቋል» አሉ። መቼ እንዳወቁት አልጠየቅኩም። ምናልባት ያነበብኩላቸው ጊዜ ከፊቴ አይተውት ይሆናል።

ለባለቤቴ ይህን ሁሉ ሳወራ፣ የተበላውን ሙቀት፣ የዶሮዋን እንቁላል፣ የገበሬውን ንግግር እየጨመርኩ፣ ሰማችኝ። ስጨርስ «ይህን ያህል ከምታወራ ላማችንን ወስደህ ለምን አታስርላቸውም?» አለች። ማሰብ የነበረብኝ እኔ ነኝ። ቀይ ላም ነበረችን፣ ጥገት፤ ወተቷ ለሁለታችን ይተርፋል። በማግስቱ ጠዋት ወደ ላይኛው ሰፈር ነዳኋት። ለእማማ ወጉን አስረዳሁ፤ ወተቱና እበቱ የእርስዎ፣ ሁለተኛው ጥጃም የእርስዎ፣ ቢፈልጉ የመጀመሪያውም። ደንቡም እንደማይከለክል ልጨምር ስል እጃቸውን አነሡ። ላሟን ግንባሯ ላይ ዳሰሷት፣ ገመዱን ተቀበሉኝና ወደ ቤት አስገቧት። ቁልቁል ስመለስ እንዴት ቀሎኝ እንደነበር! ጭቃዋን መንገድ ሳልረግጣት ነው የወረድኩት።

በአራተኛው ቀን ማለዳ ደጄ ላይ ድምፅ ሰማሁ። እማማ ከላሟ ጋር ቆመዋል። ላሟ ታጥባለች፣ ከእኛ ቤት ሳለች እንደዚያ ነጽታ አታውቅም። በሌላ እጃቸው አፉ በእንሰት ቅጠል የተከደነ ሙሉ የወተት ቅል ይዘዋል።

«እማማ፣ ምን ሆነች?»

«ምንም አልሆነም። ሦስት ቀን ሞላ።»

«ደንቡ እኮ ተሽሯል። ነግሬዎታለሁ።»

«ሰምቻለሁ።»

«ታዲያ?»

«ሦስት ቀን ጥሩ ነው፣ ልጄ። እንግዳው ይበላል፣ ያድራል፣ ማንም ሂድ ሳይለው ይሄዳል።» ቅሉን ለባለቤቴ ሰጡ። ገመዱን ለእኔ። «እበቱን ወስጃለሁ። እሱ የኔ ነው።»

ሊያስቁኝ ፈልገው እንደሆነ ፊታቸውን አየሁ። እስካሁን እርግጠኛ አይደለሁም።

ከዚያ በኋላ ሶዶን እስከለቀቅኩ ድረስ በየወሩ፣ ከስብሰባው ማግስት፣ ቀይዋን ላም ወደ ላይ እነዳለሁ፤ በአራተኛው ቀን ማለዳ ታጥባ ከወተት ቅል ጋር ትመለሳለች። አራተኛ ቀን እንዲያሳድሯት ያልሞከርኩት ዘዴ የለም። ታምማለች አልኩ፤ አንተ ቤት ትዳን አሉ። መንገድ እሄዳለሁ፣ ጠባቂ የላትም አልኩ፤ ባለቤቴ ጋ አምጥተው አሰሯት። በስብሰባው ላይም እንደ ድሮው መጥተው ከዳር ይቀመጣሉ፣ ግን ሲበተን ጠጋ ብለው ዛሬ ምን አልን ብለው አይጠይቁኝም። ወንጌላዊውን ነው የሚጠይቁት።

ወደ ምንጩ ስትወርዱ የእማማ ጓሮ ከመንገዷ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ለቤቱ የሚቀርቡት ሁለት ረድፍ እንሰቶች ወፍራም፣ ጥቁር አረንጓዴ ናቸው። ከሦስተኛው ረድፍ ጀምሮ ወደ ኋላ ቅጠሉ እየገረጣ፣ ግንዱ እየቀጠነ ይሄዳል። ሦስት ቀን እበት የሚደርሰው እስከዚያ ድረስ ነው። መንገዷ በመጨረሻ ደርቃ፣ ጠጠር ፈስሶባት፣ ጫማ የማትውጥ ሆናለች፤ ሰው ሁሉ ማኅበሩን ያመሰግናል። እኔ በእሷ ላይ ስወርድ ወደ ግራ ላለማየት አንገቴን ወደ ቀኝ እንዳዞርኩ ነበር የምሄደው፤ ብዙ ሰው አንገቱን በርዶት ነው ይለኝ ነበር።